«ተሻለኝ» ብዬ የመሰከርሁላት እንክብል

ቂልነቴን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። መካነ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ላጭቻለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት አፌ ተዘግቶ የዋለበት ቀን የለም። የማን በሬ እንደተሸጠ፣ የማን ልጅ ከጅዳ እንደተመለሰች፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ሳይጠይቀኝ ይሰማል። ሚስቴ የሺ «አንተ ስትሞት አፍህ ገና አውርቶ ስለማይጨርስ ቀብሩ በማግስቱ ነው» ትለኛለች። ይህ አፍ ታዲያ ሕይወቴን የሚያተርፍ አንድ ነገር እንዲናገር በሐኪም ተጠየቀ። አንዴ ተጠየቀ፣ ዝም አለ። ሁለተኛ ተጠየቀ፣ ዝም አለ።

ይህን የምጽፈው ዐይኑ ቢጫ ሆኖበት ወዴት ልሂድ እያለ ለሚያማክር ሰው ነው። ዘመድ ከዐረብ አገር የላከለትን ጠርሙስ መደርደሪያው ላይ ላስቀመጠም ሰው ነው። እኔ ሁለቱንም ነበርሁ።

ሕመሙ የጀመረው በማሳከክ ነው። መጀመሪያ መዳፌን፣ ከዚያ የእግሬን ውስጥ። ሰው እየላጨሁ በማበጠሪያው ጫፍ መዳፌን እፍቃለሁ። ሽፍታ የለው፣ እብጠት የለው፣ ቁንጫም አይደለም። ቀጥሎ ምግብ ዘጋኝ። ለወትሮው የሺ ሽሮ ስትሠራ ከደጅ ድስቱ ድረስ በመዓዛው እየተመራሁ የምገባ ሰው፣ ሽታው ሲደርሰኝ ወደ ደጅ መውጣት ጀመርሁ። ሽንቴም ጠቆረ። የሚጠጣ ኮካ ይመስል ነበር። ውሃ ስላልጠጣሁ ነው አልሁ። ለሁሉም ምክንያት ነበረኝ። ምክንያት ማግኘት ላይ ጎበዝ ነኝ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሚያመኝ ጉልበቴ ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል ሰው ጉልበቱ ቢያመው አይገርምም። ይህን ለታናሽ እህቴ ለዘነቡ በስልክ ነገርኋት። ዘነቡ ሪያድ በሰው ቤት ትሠራለች። ያሳደግኋት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል፤ እናታችን ስትሞት ገና የወተት ጥርሷ አልወለቀም ነበር። ወር ሳይሞላ ወደ አገር በሚመጣ ሰው ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ እንክብል ላከችልኝ። ጠርሙሱ አረንጓዴ ነው። ላዩ ላይ አንድ ሽማግሌ ሲሮጥ ይታያል። ሰውየው ሲሮጥ ፈገግ ብሏል፤ እኔ ያኔውኑ መጠራጠር ነበረብኝ፤ በዚያ ዕድሜ እየሮጠ የሚስቅ ሰው እኛ አገር አላየሁም።

ከወንበሬ የማይጠፋው ደንበኛዬ መምህር ካሣ ነው። ጡረታ የወጣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው፤ በየሳምንቱ ይላጫል፤ የሚላጭ ፀጉር ግን ብዙም የለውም፤ የሚመጣው ለጨዋታ ነው። የጠርሙሱን ጽሑፍ መነጽሩን ከፍ ዝቅ እያደረገ አነበበልኝ። ፉድ ሰፕሊመንት ይላል፤ የምግብ ማሟያ ማለት ነው አለኝ። የተቀመመው ከዕፅዋት ነው ይላል። የዕፅዋቱን ስም ግን ሁሉንም አልጻፈውም፤ «ልዩ ቅመም» ብሎ አልፎታል። እኔ የሰማሁት «ምግብ» የሚለውን ብቻ ነው። ምግብን ማን ይፈራል?

ዘነቡ የምትደውለው ዓርብ ዓርብ ነው፤ በቪዲዮ። የመጀመሪያው ዓርብ «አያ፣ ጉልበትህስ?» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ምንም አልተለወጠም ነበር። ነገር ግን ፊቷ ስልኩን ሞልቶ፣ ዐይኗ እኔ አፍ ላይ ተተክሎ፣ ከደመወዟ ገዝታ፣ ሰው ለምና የላከችውን ነገር «ምንም አላደረገልኝም» ማለት ከበደኝ። «ተሻለኝ» አልኋት። በደስታ አጨበጨበች። በሁለተኛው ዓርብ ጭራሽ ብድግ ብዬ ዘለልሁላት። በአንድ እጄ የወንበሩን ጀርባ ይዤ ነበር፤ እሱ በስልኩ አይታይም። እሷም በዚያው ቀን ለጓደኞቿ ነገረች። እነሱም ለእናቶቻቸው ላኩ። ከደላንታ እስከ ወረኢሉ ስንት አሮጊት በእኔ ዝላይ የተነሳ ያንን እንክብል እንደዋጠ እግዚአብሔር ይወቅ።

እዚህ ላይ ነው ቂልነቴ ሥር የሰደደው። ተሻለኝ ብዬ ስለመሰከርሁ መሻል ነበረብኝ። ሁለት በቀን የሚለውን አራት አደረግሁት። ጠርሙሱን መስታወቱ ሥር፣ ከፀጉር መላጫው ከቶንዶሱ ጎን አቆምሁት፤ የጠየቀኝን ሁሉ «ይህን ከጀመርሁ ወዲህ ሚስቴ ሮጣ አትይዘኝም» እላለሁ። ሰው ይስቃል። ሳቁ ደግሞ ማስታወቂያ ነው። ሁለተኛውን ጠርሙስ መምህር ካሣ ለራሱ ጉልበት ወሰደው።

ታኅሣሥ ላይ፣ ሁለት ወር ግድም ከዋጥሁ በኋላ፣ መምህር ካሣ ወንበር ላይ ተቀምጦ በመስታወቱ ውስጥ እኔን ማየት ጀመረ። ሰው ሲላጭ ራሱን ነው የሚያየው። እሱ ግን እኔን ነው የሚያየው።

«ደምሴ፣ ዐይንህ ምን ሆኖ ነው?»

መስታወቱ አርጅቶ ነው አልሁት። ጨርቅ አምጥቼ ወለወልሁት። መስታወቱ ጠራ። ዐይኔ ይብስ ቢጫ ሆነ።

ቤት ስገባ የሺ አንዴ አየችኝና ተቀመጠች። የወፍ በሽታ ነው አለች። በእኛ አገር የወፍ በሽታ ማለት ዐይንና ቆዳን ቢጫ የሚያደርግ ሕመም ነው፤ የሐኪም በሽታ አይደለም ይባላል። የባሰው ደግሞ፣ የወፍ በሽታ የያዘው ሰው መርፌ ከተወጋ ይሞታል ይባላል። የየሺ አጎት እንደዚያ ሆኖ፣ በመርፌው ማግስት ሞቷል። ይህን ለቅሶ ላይ የነበርን ሁላችን እናውቃለን። ስለዚህ የሺ እጄን ያዘችና «ሐኪም ቤት የሚባል እንዳታስብ፤ መርፌ እንዳይነካህ» አለችኝ። የፈራችው ስለምትወደኝ ነው። እኔም አላሰብሁም፤ መርፌ ድሮም አልወድም፤ ሰበብ ሲገኝ ደስ አለኝ።

ቅጠል አዋቂው አያ እንድሪስ ዘንድ ሄድን። ከከተማው የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው፤ እኔ ግን በየድንጋዩ እየተቀመጥሁ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። አያ እንድሪስ ደግ ሽማግሌ ናቸው። ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ቅጠል ይሰጣሉ፤ ገንዘብ አይቀበሉም። ዐይኔን ገልጠው አዩ፤ ምላሴን አዩ። ከዚያ የጠየቁኝን ዛሬም አልረሳውም።

«ከዚህ በፊት የዋጥኸው ነገር አለ? ቅጠልም ይሁን የከተማ መድኃኒት?»

«የለም፣ አያ» አልኋቸው።

ለምን ዋሸሁ? ብነግራቸው መልሰው እንዳይሰዱኝ ፈራሁ። ደግሞስ እንክብሉ ምግብ አይደል? የዋጥሁት ምሳ ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። እሳቸውም ጓሮ ገብተው፣ ማንም ሳያያቸው ቀጥቅጠው፣ አረንጓዴ ጭማቂ በጣሳ ሰጡኝ። ሦስት ጠዋት በባዶ ሆድ። አንድ ማስጠንቀቂያም ሰጡኝ፦ ይህን መጠጣቴን ለማንም መናገር የለብኝም። ከተነገረ ይረክሳል፤ ሥራውን ይተዋል። ይህ የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ወግ ነው። የአገር መድኃኒት የበላ ሰው አፉን ይዘጋል።

ጠጣሁ። አስመለሰኝ። በሽታው እየወጣ ነው ተባለ። በሁለተኛው ቀን ከአልጋ ተነሥቼ ግድግዳ ይዤ ነው የሄድሁት። አሁንም በሽታው እየወጣ ነው ተባለ። በሦስተኛው ቀን እኔም እየወጣሁ መሰለኝ።

እንክብሉን አላቆምሁም። ልብ በሉ። አቅም ይሰጠኛል ብዬ አራቱን በቀን ቀጠልሁ።

ከሳምንት በኋላ ደህና ነኝ ብዬ ሱቅ ከፈትሁ። ቤት ከዋልሁ ሰው ይጠይቃል፤ ሰው ከጠየቀ እናገራለሁ፤ ከተናገርሁ መድኃኒቱ ይረክሳል። አንድ የሚኒባስ ሾፌር መጣ። ከወደ ግራ ጀመርሁለት። ከዚያ የማስታውሰው ሳቅ ነው። ዐይኔን ስገልጥ ደንበኛ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። ቶንዶሱ እጄ ውስጥ እየጮኸ ነው። ሾፌሩ ግማሽ ራሱ ተላጭቶ፣ ግማሹ ጎፈሬ ሆኖ ይስቃል። ሰው ሁሉ ይስቃል። የእኔ ቀልድ መስሏቸው ነው። እኔም ሳቅሁ።

የትኛው ወገን እንደቀረኝ ግን አላወቅሁም።

ቀኑን አላወቅሁም።

መምህር ካሣ አልሳቀም። ሶኬቱን ነቀለ። ቶንዶሱን ከእጄ ወሰደ። ባጃጅ ጠራ። የሺ ደርሳ በሩ ላይ ቆመች፤ መርፌ አይሆንም አለች። እሱ የሺን በስሟ ጠርቶ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ «ዝም ብለን ካየነው የሚሞተው ያለመርፌ ነው» አላት። የሺ ከበሩ ራቀች። አብራንም ተሳፈረች።

ሆስፒታል የተቀበለችን ወጣት ዶክተር ናት። ሆዴን ጫን ጫን አድርጋ አየች። የደም ምርመራ አዘዘች። ከዚያ በእርጋታ፣ ምን ምን መድኃኒት እንደምወስድ ጠየቀችኝ። ቅጠልም ቢሆን፣ ከውጭ የመጣም ቢሆን ንገሩኝ አለች። ምንም አልሁ። ይህ የመጀመሪያው ነው።

ደም ሲቀዱኝ ዐይኔን ጨፍኜ በልቤ ንስሐ ገባሁ። ይህ መውጫ እንጂ መግቢያ መርፌ ስላልሆነ አይገድልም ብሎ መምህር ካሣ አጽናናኝ። በማግስቱ ውጤት መጣ። ቢሊሩቢን የሚባለው፣ ዐይንን ቢጫ የሚያደርገው ነገር፣ ከመጠን በላይ ከፍ ብሏል። የጉበት ኢንዛይሞቼም እንደዚያው። ሄፓታይተስ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሁሉም ኔጌቲቭ። አልትራሳውንድ ተነሣሁ፤ የሐሞት ጠጠር የለም። አልኮል ጠየቀችኝ፤ ከጠላ የማያልፍ፣ እሱንም ለበዓል ብቻ። ዶክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እንደገና ጠየቀችኝ። የወሰዱት ነገር አለ? የሺን አየሁ። የሺ መሬት አየች። የለም አልሁ። ሁለተኛው ይህ ነው።

ልንገራችሁ፤ ያኔ ጠርሙሱ ትራሴ ሥር ነበር። ዶክተሯ ከወጣች በኋላ ሆስፒታሉ በሰጠኝ ውሃ ሁለት እውጣለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዶክተሯ ገብታ ሁለት እጄን ወደ ፊት ዘርግቼ፣ መዳፌን ቀና አድርጌ እንድይዝ ነገረችኝ። ያዝሁ። እጄ አልቆም አለ። በራሱ ይርገበገባል። ላቆመው ሞከርሁ። አልቻልሁም። ዛሬ ምን ቀን ነው አለችኝ። የገበያ ቀን አልሁ። አልነበረም።

ለደሴ ሪፈር መጻፍ ጀመረች። የደም መርጋት ምርመራዬም ልክ አልመጣም፤ ጉበቱ ደም የሚያረጋውን ነገር መሥራት እያቃተው ነው አለች። ጻፈች፣ ጻፈች፣ ከዚያ እስክሪብቶዋ ቆመ። ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው። አንድ መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ የሚጻፈው በሽተኛው የወሰደው መድኃኒት ነው። ጉበትዎን አንድ ነገር እየመታው ነው፤ ማን እንደሚመታው አላውቅም። ይህን መስመር ባዶ አድርጌ ልላክዎ?»

ባዶ መስመር አየሁ። ወረቀቱ ሞልቷል። እዚያ ቦታ ብቻ ነጭ ነው። የሺ ከኋላዬ አለቀሰች። ከሞትሁ የምሞተው በዚያች ነጭ ቦታ ነው። ይህን ያህል ገባኝ።

እጄን ትራሴ ሥር ሰደድሁ። ጠርሙሱን አውጥቼ ሰጠኋት።

አገላብጣ አየችው። «ዛሬም ወስደዋል?»

«ጠዋት ሁለት።»

ለአፍታ ዐይኗን ጨፈነች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጻፈች። «ሌላስ?»

ይህኛው ከበደኝ። ጠርሙሱን መናገር ማፈር ብቻ ነው። ቅጠሉን መናገር ግን ማርከስ ነው። ሕይወቴን ሙሉ የሰማሁት ነው። ተናገርሁ። የአያ እንድሪስን ጭማቂ፣ ሦስቱን ጠዋት፣ ማስመለሱን ሁሉ። ተናግሬ ስጨርስ አንድ ነገር እንዲመጣ ጠበቅሁ። ምንም አልመጣም። እስክሪብቶዋ ወረቀት ላይ ሲሄድ ብቻ ተሰማኝ።

ጠርሙሱ ይሁን ቅጠሉ፣ ወይስ ሁለቱ ተደራርበው፣ በእርግጠኝነት መለየት እንደማትችል ነገረችኝ። ሁለቱም ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተከለከሉ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቀች። ከእኔ ሌላ ይህን የሚወስድ ሰው አለ ወይ አለች። ቀና አልሁ። መምህር ካሣ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ለነርሷ ሰጠ። የእሱ ደም ደህና ሆኖ ወጣ፤ እንደ መምህር አንብቦ፣ ከተጻፈውም ቀንሶ፣ በቀን አንድ ብቻ ነበር የሚወስደው። እንዲያም ሆኖ በዚያው ቀን ጣለው።

አምቡላንሱ ከመነሣቱ በፊት ቫይታሚን ኬ የሚባል መርፌ መወጋት ነበረብኝ፤ ደም እንዳይፈሰኝ ነው። መግቢያ መርፌ ማለት ይህ ነው። የሺ ፊቷን አዞረች። እኔ ለልጆቼ የምናዘዘውን እያሰብሁ ሳለሁ ነርሷ «ጨርሻለሁ፣ ሱሪዎን ይልበሱ» አለችኝ። የሺ ስለ አጎቷ ሞት ዶክተሯን ጠየቀቻት። ዶክተሯ የመለሰችላትን የወፍ በሽታ የያዘው ሰው ሁሉ ቢሰማው ደስ ይለኛል።

«ሰው እኛ ዘንድ የሚመጣው ሌላው ሁሉ ሲያልቅበት ነው። ያን ጊዜ አንዳንዱ ሳይተርፍ ይቀራል። መርፌው የመጨረሻው ስለሆነ ጥፋቱ የእሱ ይሆናል።»

ቀጥላም፣ ብዙው ቢጫ የሚያደርግ ሕመም በቫይረስ የሚመጣ፣ በሳምንታት ውስጥ በራሱ የሚለቅ እንደሆነ ነገረችን፤ በዚያ መሃል ቅጠል የጠጣ ምስጋናውን ለቅጠሉ ይሰጣል። በራሱ የማይለቀው ግን የትኛው እንደሆነ በዐይን አይለይም፤ ደም ታይቶ ነው የሚለየው። በደሴ መንገድ ላይ አቀስታ ከተማን ስናልፍ፣ ብርዱ በአምቡላንሱ መስኮት ሲገባ፣ የሺ ጋቢዋን አውልቃ በላዬ ደረበችልኝና «አጎቴን ቀድመን ብንወስደው ኖሮስ?» አለች። ደሴ እስክንደርስ እየደጋገመች ዛሬ ምን ቀን ነው ትለኝ ነበር፤ ዶክተሯ እንድትጠይቀኝ ነግራታለች፤ ስሳሳት ክንዴን ቆንጠጥ ታደርገኛለች።

ደሴ አሥራ ስድስት ቀን ተኛሁ። ለጉበት ተብሎ የተሠራ ተአምር አልሰጡኝም። ግሉኮስ፣ ጭንቅላቴን የሚያጠራ ላክቱሎስ የሚባል ጣፋጭ ሽሮፕ፣ በየሁለት ቀኑ የደም ምርመራ። ዋናው ሕክምና ምንም አለመጨመር ነበር። እዚያ ያሉት ሐኪም ጉበት መምታቱን ከተውለት ራሱን የሚጠግን አካል ነው አሉኝ። እኔም ያኔ ቆረጥሁ፤ ጉበቴ የሚሠራ ከሆነ እኔ ደግሞ እጠብቀዋለሁ፤ ስሙን የማላውቀው፣ ሐኪም ያላየው ነገር በዚህ አፍ አያልፍም። ለመናገር ሲሆን የተዘጋ አፍ ለመዋጥ መዘጋት አያቅተውም።

ቤት ስመለስ ግን ከሆስፒታሉ ይልቅ የከበደኝ ጠያቂው ነበር፤ እናንተም ትደርሱበታላችሁና ተዘጋጁ፤ ምክንያቱም በእኛ አገር ታማሚ በባዶ እጅ አይጠየቅም፣ ሙዝና ዳቦ ይዞ የመጣው ሁሉ ደግሞ ከሙዙ ሥር አንድ መድኃኒት ይዟል፤ አንዷ ጥቁር አዝሙድ በማር፣ ሌላው ከባሕር ዳር የመጣ ዱቄት፣ አንዱ ደግሞ ጉበት የሚያጥብ ሻይ፣ ማንነቱን የማላውቀው ሰው ስልክ ላይ ሲያወድሰው ያየውን። ሁሉም በፍቅር ነው የሚያመጡት፣ ሁሉም «እገሌን አድኖታል» ይላሉ። እኔም ሁሉንም በአክብሮት ተቀብዬ፣ መስኮቱ ላይ አሰልፌ፣ ዶክተሯን ሳልጠይቅ አልቀምስም እላለሁ። ቅር ያላቸው አሉ። አንዲት አክስቴ ለሁለት ሳምንት ኮርፋኛለች። ለእሷ ያልሁት ይህ ነው፦ እገሌ ዳንሁ ሲልሽ ዳነ ማለት አይደለም፤ እኔም ለእህቴ ተሻለኝ እያልሁ ዘልያለሁ፤ ወንበር ይዤ።

ቢጫው ከቆዳዬ ለቅቆ ዐይኔ የነጣው በሦስተኛው ወር ግድም ነው፣ ማሳከኩ ቀድሞ ሄደ፣ ምግብ ቀስ እያለ ተመለሰ፣ የሺም አንድ ቀን ሽሮ ስትሠራ ሳልጠራ ድስቱ አጠገብ ቆሜ ስታገኘኝ ማማሰያውን አስቀምጣ ሳቀች። ጉልበቴን በተመለከተ፣ ዶክተሯ ለክትትል ስሄድ እንዴት እንደምሠራ ጠየቀችኝና ቆሜ መዋል እንዳቆም መከረችኝ፤ የጭኔን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ጠዋት ጠዋት እንድሠራ አሳየችኝ፤ ጎረቤቴ አናጢው ረጅም ዱካ ሠራልኝ፣ አሁን በእሱ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ሰው የምላጨው። ጉልበቴ የተሻለው በዱካ ነው። ዱካው ላይ ሮጦ የሚስቅ ሽማግሌ አልተሳለበትም።

አያ እንድሪስ ዘንድም ሄድሁ። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «ጠይቄህ ነበር» አሉ። እውነት ነው፤ ጠይቀውኝ ነበር። የቅጠሉን ስም ለዶክተሯ እንድነግር ጆሮዬ ላይ ነገሩኝ፤ እኔም ነገርኋት። እዚህ አልጽፈውም፤ ነገ ጠዋት ሊቀጥፈው ጓሮ የሚወርድ አይጠፋም። አያ እንድሪስ ዛሬም ቅጠል ይሰጣሉ። አላስጣልኋቸውም። ግን ዐይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ «ያንን ፀጉር አስተካካይ ሂድና አናግረው» ይሉታል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እስካሁን አራት ሰው ልከውብኛል። አራቱንም ራሴ ይዤ ሆስፒታል ሄጃለሁ።

ምክር የምለው ብዙ አይደለም። ዐይናችሁ ቢጫ ከሆነ ደማችሁ ይታይ፣ በዚያው ቀን። ሽንት ሲጠቁር፣ ቀን ሲጠፋባችሁ፣ እንቅልፍ ሲጥላችሁ አትቀመጡ። ሐኪም ምን ወሰድህ ሲላችሁ ጠርሙሱን፣ ቅጠሉን፣ ዱቄቱን፣ ጠበል የተቀላቀለበትንም ቢሆን ተናገሩ፤ ምግብ ነው የሚል ጽሑፍ ያለበትንም። ሲነገር ይረክሳል ለሚባለው መድኃኒት ደግሞ፣ እኔ የማውቀው እውነት ሲነገር የሚረክሰው ውሸት ብቻ እንደሆነ ነው። ከዘመድ የተላከ ጠርሙስ ካላችሁ፣ ፍቅሩን ተቀበሉ፤ ጠርሙሱን ግን ለሐኪም አሳዩት። ዶክተሯን፣ ለመሳቅ ያልቸኮለውን መምህር ካሣን፣ ፈርታም ሳለ አብራ የተሳፈረችውን የሺን አመሰግናለሁ። ያንንም ሾፌር፤ ሌላ ፀጉር ቤት ሄዶ ያስጨረሰውን ግማሽ ራስ ዛሬም ለሰው እያወራ ያስቅልኛል፤ እሱን በነጻ እላጨዋለሁ።

አንድ ሰው ግን ቀርቶኝ ነበር። ለዘነቡ ያኔ ጉንፋን ያዘኝ ነው ያልኋት። የሺንም አስምያት ነበር። ዐይኔ እስኪነጣ በቪዲዮ አልታይም፣ ኔትወርክ የለም እላለሁ። የላከችው ነገር ሊገድለኝ እንደነበር እንዴት ይነገራል? ከዶክተሯ የባሰ የፈራሁት እሷን ነው። ሚያዝያ ላይ ግን አንድ ዓርብ ደወለችና ለጉልበቴ ሌላ ሁለት ጠርሙስ መግዛቷን፣ ለጓደኞቿም እናቶች ጨምራ እንደያዘች ነገረችኝ። ዱካዬ ላይ ተቀመጥሁና ከመጀመሪያው ዝላይ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኋት።

ፊቷ ስልኩ ላይ ቆመ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፣ ለእነዚያ እናቶች ምን እንደምትል። የሆነውን በይ አልኋት። ስልኩን ዘጋች። ለእያንዳንዷ ስትደውል አመሸች፤ ይህን በኋላ ነው የሰማሁት።

በሚቀጥለው ዓርብ ደወለች። ዐይኔን ወደ ካሜራው አስጠግቼ እንዳሳያት አዘዘችኝ። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«አያ፣ እዚህ ቀኑን ሙሉ ሲያመኝም ደህና ነኝ እያልሁ የምውለው እኔ እበቃለሁ። አንተ እንኳ ሲያምህ አመመኝ በለኝ።»